እምቢ በተባልንበት ደጅ እምቢ ያለች መኪና

መጀመሪያ አንድ ነገር ይታወቅልኝ፤ ጥፋቱ የእኔ አይደለም፣ የዚያ ትከሻዬ ላይ የጣልኩት ኩታ፣ የኬንቴው ነው። እህቴ አፍራኮማ እስከ ዛሬ «ያንተ አፍ ነው» ትላለች። ትበል! እሷ እኔን ለመኮነን መቼ ሰበብ አጥታ ታውቃለች?

የእህቴ ልጆች ወፋ ይሉኛል፣ የእናታቸው ወንድም ስለሆንኩ። እነሱን እየሰማ ሰፈሩ ሁሉ ወፋ ሳርፖንግ ብሎኝ ቀርቷል። ኩማሲ ከተማ፣ ሱአሜ ሰፈር ውስጥ የራሴ ጋራዥ አለኝ፤ ሥራዬ የመኪና ኤሌክትሪክ ነው። ጉራ አይሁንብኝና፣ መኪና አልነሳ ሲል እኔ ኮፈን አልከፍትም፤ በጆሮዬ ነው የማየው። ቁልፉ ሲዞር ቀጭቀጭቀጭቀጭ ካለ ባትሪው ደክሟል፣ ወይ የባትሪው ገመድ፣ ካቦው፣ ላልቷል። አንዴ ብቻ ጠንከር አድርጎ «ቀጭ!» ብሎ ዝም ካለና መብራቱ ቦግ ብሎ የሚበራ ከሆነ ግን ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ነው፤ ውስጡ ያለው ካርቦን አልቆ መንካት አቅቶታል። ዱላ ቢጤ ይዘህ ጀርባውን አንዴ ስታቀምሰው ይነሳልሃል። በቃ፣ ይሄው ነው። ሰው ይሄን ሲያምታታ ግን ደሜ ይፈላል። አንድ እሁድ ፓስተራችን «ነፍሳችን ባትሪው እንዳለቀ መኪና አንዴ ቀጭ ብላ ዝም ትላለች» ብሎ ሲሰብክ ከመቀመጫዬ ተነስቼ «ፓስተር፣ እሱ ሞተሪኖ ነው» ብዬዋለሁ። ሚስቴ ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አጠገቤ አትቀመጥም።

እንግዲህ የአፍራኮማ ልጅ ቤዲያኮ ልብስ ሰፊ ነው፤ ዝምተኛ፣ እጁ የተባረከ ልጅ። ቤክዋይ የምትኖር ሰርዋ የምትባል ልጅ ወደደ። ወደደ ብዬ ልለፈው እንጂ ልጁ ምግብ ተወ፣ የደንበኛ ሱሪ ሁለቱንም እግር አንድ ላይ መስፋት ጀመረ። እሷም ወዳዋለች። ግን ሰርዋ አባቷን ረግጣ የምትወጣ ልጅ አይደለችም። «አባባ እሺ ካለ እሺ፤ እምቢ ካለ ግን ቤዲያኮ፣ አበቃ» ብላ ቁርጡን ነግራዋለች። ስለዚህ ሁሉም ነገር የተንጠለጠለው በዚያች ቅዳሜ ነበር፤ አረቄ ይዘን ሄደን፣ ልጅቷን ለመጠየቅ የአባቷን በር በምናንኳኳባት ቀን። በእኛ ወግ በሩን የሚያንኳኳው ደግሞ ወፋው ነው፤ እኔ።

በዋዜማው አፍራኮማ መኪናዬን ከላይ እስከ ታች አጠበቻት። መዶሻው፣ መፍቻው፣ ሽቦው ሁሉ ተለቅሞ ጋራዥ ውስጥ ተወረወረ። «በዘይት ውስጥ ተዘፍቄ ምራት ልጠይቅ?» አለችኝ። ሞተሪኖው ሰሞኑን ማቅማማት መጀመሩን አውቄ ነበር። ሰኞ እቀይረዋለሁ፣ ሰኞ እቀይረዋለሁ እያልኩ ሰኞው ሁሉ በሰው መኪና አለቀ።

የሰርዋ አባት ናና ዱፉር የካካዎ ገበሬ ናቸው። አቀባበላቸው ጥሩ ነበር፣ አልዋሽም። ወንበር ተሰጠን፣ ውሃ ቀረበልን። ሁለት የሰፈር ሽማግሌዎች ከናና ግራና ቀኝ ተቀምጠዋል። ከጓሮ የካሳቫው ምግብ፣ ፉፉ፣ ሲወቀጥ ዘነዘናው ዱም፣ ዱም ይላል፤ የፍየሉ ሾርባ ሽታ ደግሞ ቀጥ ብሎ አፍንጫዬ ውስጥ ይገባል። «በደህና ነው የመጣችሁት?» ተባልን። ተነስቼ ነገሬን አሳመርኩ። «በዚህ ስናልፍ ከግቢያችሁ አንዲት አበባ አየን፤ ብንቀጥፋት ባለቤቱ ይቆጣን ይሆን ብለን ልንጠይቅ ነው» አልኩ። ሽማግሌዎቹ ፈገግ አሉ። አፍራኮማ እንኳ በኩራት አየችኝ፤ አስቡት!

ከዚያ አረቄውን ላቀርብ ጠርሙሱን በቀኝ እጄ አነሳሁ። ያ እርጉም ኬንቴ ከግራ ትከሻዬ ላይ የተንሸራተተው ይሄኔ ነው። ሰው ምን ያደርጋል? ቶሎ ጠርሙሱን ወደ ግራ አዛውሬ ኬንቴውን በቀኜ ቀለብኩት። እንግዲህ ጠርሙሱ ያለው ግራ እጄ ላይ ነው፤ የናና እጅ ደግሞ ተዘርግቶ ይጠብቃል። ሰጠኋቸው። ለአባወራ፣ በገዛ ቤቱ፣ ልጁን ልለምን ሄጄ፣ በግራ እጅ! እኛ ጋ ይህ ስድብ ነው።

ሽማግሌዎቹ ፈገግታቸውን ሰበሰቡ።

«ወፋ» አሉ ናና ዱፉር ቀስ ብለው፣ «ቀኝ እጅህን አሞሃል እንዴ?»

ይቅርታ ማለት ነበረብኝ። አንዲት ቃል ናት። ግን እኔ ሰው ፊት መታረም አልወድም፤ አፌ ከእኔ ቀድሞ ሄደ።

«ናና፣ የሚጠጡት አረቄውን ነው ወይስ እጄን?»

«ወይኔ ጉዴ!» አለች አፍራኮማ።

ናና ጠርሙሱን አንስተው ቤዲያኮ እግር ሥር አስቀመጡት። «ዛሬ በሬን ያንኳኳ ሰው የለም» አሉ። «መልካም መንገድ።»

ሽማግሌዎቹ እየሰሙ ተባለ፤ እነሱ የሰሙት ቃል ደግሞ ተመልሶ አይዋጥም። ከጓሮ ዘነዘናው ዝም አለ። እኛ ጋ አረቄው የተመለሰበት ሰው ከዚያ ቤት ምግብ አይቀምስም፣ አያስቀምሱትምም። ስለዚህ ለማን ይወቀጥ?

ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ። ከእምቢታ በኋላ ለሰው የሚቀረው አወጣጡ ነው ብዬ ኬንቴዬን ወርወር አድርጌ፣ ወደ ኋላ ሳላይ፣ መኪናዬ ውስጥ ገባሁ። አፍራኮማ ጋቢና ከጎኔ ተቀምጣ በሩን በኃይል ዘጋችው።

«እናታችን ስትወልድህ ቀድሞ የወጣው ምላስህ ነው» አለችኝ።

«ኬንቴው ነው!»

«ኬንቴው ነው ‹እጄን ነው የሚጠጡት› ያለው? ኬንቴው ምላስ አለው? አንተን ከማምጣት የጎረቤትን ፍየል ባመጣ ይሻለኝ ነበር! እሷ ቢያንስ አትመልስም!»

ቁልፉን አዞርኩ።

«ቀጭ!»

ዝም። ደግሜ አዞርኩ።

«ቀጭ!»

የፊት መብራቱን አበራሁት፤ ግድግዳው ላይ ቦግ አለ። ሞተሪኖው! ይሄ ሁሉ ቀን እያለው፣ ይሄ ሁሉ ደጅ እያለው! እየሸኙን እኮ ነው! መኪናዬ አውቶማቲክ ናት፤ ገፍተህ አታስነሳትም። መዶሻዬ ጋራዥ ነው፤ ማን እንደጣለው እናውቃለን። ወርጄ ድንጋይ ፍለጋ ጀመርኩ። የቤቱ ሴቶች ግቢውን እንዴት አድርገው እንደጠረጉት ጠጠር እንኳ የለበትም።

ናና ዱፉር መፋቂያቸውን እያኘኩ ደጃፋቸው ላይ ብቅ አሉ።

«ምን ሆነች?»

«ምንም» አልኩ።

«አንዴ አስነሳት እስቲ።»

አዞርኩ። «ቀጭ!» አለች።

ናና ራሳቸውን ነቀነቁ። «ባትሪ ነው» አሉ።

ባትሪ! መብራቱ ግድግዳውን ሊያቃጥል እየደረሰ ባትሪ! ጆሮዬ ሥር ያለው ደም ሥር ተወጠረ። አፌን ከፈትኩ። ልክ ሊያመልጠኝ ሲል ግን ዓይኔ ከኋላ ወንበር ላይ ያለው ቤዲያኮ ላይ አረፈ። የተመለሰብንን ጠርሙስ ታቅፎ በመኪናው መስኮት ወደ ቤቱ ያያል። ሰርዋ በቤቱ መስኮት ቆማ ታየዋለች። አንዳቸውም እጃቸውን አላነሱም። ያኔ ነው የገባኝ። ሞተሪኖውን ከመታሁት መኪናዋ ትነሳለች፤ ከተነሳች እንሄዳለን፤ ከሄድን ደግሞ የዚህ ልጅ ነገር አለቀለት፣ ያውም በእኔ አፍ።

«ልክ ነዎት ናና» አልኩ። «ባትሪ ይመስለኛል።»

ይህችን ስናገር ጥርሴን አመመኝ። አፍራኮማ ከጋቢና ወርዳ መጥታ ግንባሬን ዳሰሰችኝ።

«ትኩሳት አለህ?» አለችኝ በሹክሹክታ።

«ዝም በይ።»

«ሳርፖንግ፣ አንተ ‹ልክ ነዎት› አልክ እኮ። ልትሞት ነው?»

ናና ዱፉር ጓሯቸው የቆመች አሮጌ ፒካፕ አለቻቸው። ሄደው የእሷን ባትሪ ፈትተው ሲሸከሙ ቤዲያኮ ከመኪና ዘሎ ወርዶ ተቀበላቸው። ለዚያች ቀን ብሎ ራሱ የሰፋትን ነጭ ሸሚዝ ነው የለበሰው።

«ተው፣ አሲዱ ልብስህን ይበላዋል» አሉት።

«ሌላ እሰፋለሁ፣ ናና» አለና ከደረቱ አስጠግቶ ተሸከመው።

ናና ትንሽ አዩት። ባትሪው ተቀየረ። አዞርኩ። «ቀጭ!» አለች፤ ተመስገን። ሁለቱ ሽማግሌዎች እስክትነሳ መጠበቅ ሰለቻቸውና ተሰናብተው ወደየቤታቸው ሄዱ።

«ካቦው ይሆናል» አሉ ናና።

«ልክ ነዎት።»

ካቦውን ፈትተው ጫፉን በቢላ ይፍቁ ጀመር። ፋቁ፣ ፋቁ፣ አፈር የነካው ሥራ ሥር እንደሚልጥ ሰው ሳይቸኩሉ ፋቁ። እየፋቁም ቤዲያኮን ጠየቁት። ሥራው ምንድን ነው፣ መጠጥ ላይ እንዴት ነው፣ አባቱን ማን ቀበረ። «እኔና ወፋ ነን ናና፤ ወፋ ጋራዡን ዘግቶ ሳምንቱን ሙሉ ከእኔ አልተለየም» አለ። ናና ቀና ብለው አዩኝ። እኔ ካቦውን አየሁ። ሰው ፊት ስመሰገንም ምን እንደምሆን አላውቅም።

ካቦው ተመልሶ ታሰረ። «ቀጭ!»

«ፊውዝ» አሉ።

«ልክ ነዎት።»

«ምናልባት ቤንዚን አልቆ እንዳይሆን?»

አቤት! ይሄ እንኳ ሊገለኝ ነበር። ቤንዚን ያለቀባት መኪና እኮ ሞተሯ ይዞራል፣ ይዞራል፣ አይነሳም እንጂ ቀጭ ብላ ዝም አትልም! ይሄን የሱአሜ ሕፃን ያውቀዋል! ወደ አጥሩ ዞሬ አፌን በኬንቴዬ ጠቅጥቄ ትንሽ አቃሰትኩና ተመለስኩ።

«ልክ ነዎት ናና። ቤንዚን ሊሆን ይችላል።»

አፍራኮማ ይህን ጊዜ ገባት። እህቴ ናትና ታውቀኛለች። ዓይኗን አጥብባ አየችኝ፣ ቤዲያኮን አየች፣ ከዚያ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ ጥላው ሥር በርጩማ ላይ ተመቻችታ ቁጭ አለች። «ናና፣ ካንዴላውንም ቢያዩት ጥሩ ነው» አለች። ምን ማለት እንደሆነ እንኳ አታውቅም። ብስማት ደስ ባለኝ።

ካንዴላውን እየፈታን ሳለ ከጓሮ ዱም አለ። ትንሽ ቆይቶ ዱም። ፉፉው መወቀጥ ጀምሯል! ናና እንዳልሰሙ ሆነው ካንዴላውን ወደ ብርሃን አንስተው ያገላብጣሉ። እኔም እንዳልሰማሁ ሆንኩ። ቤዲያኮ ግን ከናና የተዋሰው መፍቻ ከእጁ ወደቀ።

እንዲህ እንዳለን ዘነዘናው ድንገት ቆመና የሰርዋ እናት ማሜ አቺያ ከጓሮ መጡ። ወፍራም፣ ረጅም፣ ክንዳቸው እስከ ክርናቸው በካሳቫ የተለወሰ ሴት ናቸው። ከእሳቸው የሚረዝመውን ዘነዘና ትከሻቸው ላይ አጋድመውታል።

«ዱፉር!» አሉ። «ሾርባዬ ነጠፈ! እስከ መቼ ነው ይህችን ምስኪን መኪና ሆዷን ዘርግፋችሁ የምታዩዋት?»

«ካንዴላ ነው መሰለኝ፣ ማሜ» አሉ ናና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«የምን ካንዴላ! የራስህ ፒካፕ እንዲህ ቀጭ ስትልብህ በየጠዋቱ ማን ነው የሚያስነሳልህ? በዚሁ ዘነዘና እኔ አይደለሁም? ‹አቺያ፣ ነይ ሞተሪኖውን ነክተሽ ሂጂ› ስትለኝ አይደል የምትውለው? ያንን ካንዴላ ቦታው መልስና ዞር በል!»

ናና ዱፉር ካንዴላውን መልሰው አሰሩና ዞር አሉ። ማሜ አቺያ በኮፈኑ በኩል አጎንብሰው አዩና የዘነዘናውን ጫፍ ወደ ታች ሰደዱት። አንዴ። ዱም!

«አንቺ! አዙሪው!» አሏት ከበርጩማዋ ተነስታ ከጋቢናው አጠገብ የቆመችውን አፍራኮማን።

አፍራኮማ በድንጋጤ ገብታ ቁልፉን አዞረችው። ሞተሩ ወዲያው ተነሳ። እንዲያ ሆኖ ተነስቶ አያውቅም፤ እንደ አዲስ መኪና ለስለስ ብሎ፣ ያለ ምንም ሳል።

ማንም አልተደሰተም። አፍራኮማ መሪውን ይዛ ጥፋት የሠራች ልጅ መስላ አየችኝ። ቤዲያኮ አሲድ የበላው ሸሚዙን ወደ ታች ጎተተ። ሰርዋ ከመስኮቱ ጠፋች። ማሜ አቺያ ዘነዘናቸውን ተደግፈው አንዴ ባላቸውን አንዴ እኔን ያያሉ። «ምነው? ተነሳች እኮ!» ይላሉ።

እኔ ናናን አየኋቸው። እሳቸው እጃቸውን በጨርቅ ይጠርጋሉ፤ የጠረጉትን ደግመው ይጠርጋሉ። ያውቁ ነበር! ሰውየው ከመጀመሪያዋ ቀጭ ጀምሮ ሞተሪኖ መሆኑን እያወቁ ነው ባትሪ የተሸከሙት!

አፍራኮማን አስወርጄ ገባሁና ሞተሩን አጠፋሁት። ቀጭ እንድትልልኝ ፈጣሪዬን እየለመንኩ አዞርኩ። ተነሳች። አጠፋሁ፣ አዞርኩ። ተነሳች። ይህች ከዳተኛ! ስትፈለግ አትገኝ፣ ሳትፈለግ አትጠፋ! አጥፍቼ ቁልፉን ነቀልኩና መሪው ላይ ግንባሬን ደፋሁ። የሚፈታ ነገር አልቀረም። የሚቀየር፣ የሚፋቅ አልቀረም። ሰበብ አለቀብኝ።

ወረድኩ። ናና ፊት ቆሜ ኬንቴዬን ከትከሻዬ አውርጄ ወገቤ ላይ አሰርኩት፣ ንጉሥ ፊት እንደሚደረገው። የሆዴን ስፋት ያን ቀን ቤክዋይ አየው።

«ናና» አልኩ፣ «ሞተሪኖ ነው። ገና ስትጮህ አውቄያለሁ። መሄድ ስላልፈለግሁ ነው። ያ የተናገርኩት ነገር ደግሞ የባለጌ ነገር ነው። ይህ ልጅ የእኔን አፍ አልወረሰም፣ እናቱ ትመስክር። እኔን ይጥሉኝ፣ እሱን አይጣሉት። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ላቤ በጀርባዬ እየወረደ ነበር። ቀላል ነገር መስሏችሁ እንዳይሆን።

ናና ዱፉር ጨርቁን ኮፈኑ ላይ ጣሉት።

«አየህ ወፋ» አሉ፣ «እኔም ሽማግሌዎቹ ፊት ተናግሬ ሳበቃ፣ ልጄን በመስኮት አየኋት። ቃሌን በምን ልመልሰው? እኔም እንዳንተው ነኝ፤ ይቅርታ ማለት ካንዴላ ከመፍታት ይከብደኛል። መኪናህ ቀጭ ስትል፣ በሕይወቴ እንዲህ ደስ ያለኝ ድምፅ የለም።»

«እና ባትሪውን ለምን ተሸከሙት?»

«ሌላ ምን ልሸከም?»

ማሜ አቺያ ዘነዘናቸውን መሬት ላይ ለቀቁት። «ሁለታችሁም እያወቃችሁ?» አሉ። «እኔ እዚያ ወገቤ እስኪቆረጥ እየወቀጥኩ፣ እናንተ እዚህ ትጫወታላችሁ? ሆ!» ሳቅ ሊያመልጣቸው ሲል ከንፈራቸውን ነከሱ።

ናና አረቄው እንዲመጣ አዘዙ። ቤዲያኮ ጠርሙሱን ሰጠኝ፣ እኔም አቀረብኩ፤ እንዴት አድርጌ እንዳቀረብኩ መናገር አያስፈልገኝም። ሽማግሌዎቹ ተጠርተው እያጉረመረሙ ተመለሱ። ናና መለኪያቸውን ሞሉ። ወግ ነው፤ አባት ልጁን «ልጠጣው?» ብሎ ሦስት ጊዜ ሳይጠይቃት ከአረቄው አይቀምስም።

«ሰርዋን ጥሩልኝ» አሉ።

ሰርዋ ከበሩ ጀርባ ነበረች። ወጥታ አባቷ ፊት ቆመች፤ ዓይኗ መሬት ላይ ነው፣ ጣቶቿ ቀሚሷን ይጨብጣሉ። ናና ጉሮሯቸውን ጠራረጉ።

«ልጄ ሰርዋ...»

«ጠጣው አባባ!»

«ገና አልጠየቅሁሽም እኮ!»

«ለሁለተኛውም ጠጣው!» አለች፣ ድምፅዋ እየተቆራረጠ። «ለሦስተኛውም ጠጣው! እኔ ያን ሁሉ ሰዓት መስኮት ላይ ቆሜ ‹አትነሺ፣ አትነሺ› እያልኩ ጉሮሮዬ ደርቋል፣ አባባ፣ እባክህ ጠጣው!»

ናና ዱፉር ጠጡ። ቤዲያኮ እዚያው መሬቱ ላይ ቁጭ ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ እኔም፣ ለምን እዋሻለሁ፣ ከጎኑ ቁጭ ብዬ አብሬው አለቀስኩ።